የቲቸር ዘይነባ ገመድ

ቲቸር ዘይነባ መሞታቸውን የነገረችኝ የክፍል ጓደኛዬ የነበረችው ሐያት ናት። ስልኩን ሳነሣ «ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀብሯቸዋል፤ ሞጣ ነሽ አይደል?» አለችኝ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ከቤታቸው ብዙም አይርቅም። ጋዋኔን አውልቄ፣ በሩን ለጓደኛዬ ትቼ ሮጥኩ። የደረስኩት ጀናዛው ከግቢ ሲወጣ ነው።

ሳለቅስ ዋልኩ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ስልኬን ስከፍት ግን ልቅሶው ወደ ንዴት ተለወጠ። ቢቸና የተማርንበት ትምህርት ቤት በፌስቡክ ገጹ ላይ ፎቶአቸውን ለጥፎ፣ ከሥሩ «ትምህርት ቤታችን ታላቅ ባለውለታውን አጣ፤ ለማስተማር ዘዴ መሻሻል ያበረከቱት አስተዋጽኦ ምንጊዜም አይረሳም» ብሏል። አስተዋጽኦ ይላሉ ደግሞ! ክፍላችን ውስጥ የዘረጉትን ገመድ በመቀስ የቆረጠው ማን ሆነና ነው? ወረቀቶቻችንን አፍሶ ቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ውስጥ የከተተው ማን ሆነና ነው? ታሪክ አስተማሪን ያህል ሰው ግምጃ ቤት አስገብቶ የተሰበረ ወንበር ሲያስቆጥር የኖረ ትምህርት ቤት ዛሬ «ባለውለታዬ» ሲል ትንሽ እንኳ አያፍርም። እነሱ ያልተናገሩትን እኔ እናገራለሁ።

ቲቸር ዘይነባ የሞጣ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ከድሮ ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው ብቻ ንግዱን ትተው ታሪክ ተማሩና ቢቸና ተመደቡ። ቅዳሜ ጠዋት እናታቸውን ለማየት ሞጣ ይሄዳሉ፤ እሑድ ከሰዓት ይመለሳሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ መሬቱን የተቆጡት የሚመስሉ ሴት ነበሩ።

ቁጡ ነበሩ። ለቅሶው ላይ ይህን ማንም አላነሣውም፤ ሰው ሲሞት ሁሉም ገር ይሆናል። ቲቸር ዘይነባ ገር አልነበሩም። የሻሻቸውን ጫፍ ከትከሻቸው አንሥተው ወደ ኋላ ወርወር ሲያደርጉ ካየን ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ የሚመጣውን እናውቃለና። ሰነፍ ተማሪ ያናድዳቸው ነበር፤ ከሰነፍ ይበልጥ ግን «ይባላል» የሚል ተማሪ ያናድዳቸዋል። አንድ ልጅ ተነሥቶ «በዚያ ዘመን እንዲህ ተደረገ ይባላል» ካለ አለቀለት። «ማን ነው ያለው? ስሙን ይዘህ ና» ይሉታል። ልጁም እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ስም ፍለጋ ገበያ ለገበያ ሲዞር ይሰነብታል። አንዱን ልጅ ስለ አንድ ድልድይ «ፖርቹጋሎች ሠሩት ይባላል» ስላለ ብቻ አገር ምድሩን ሽማግሌ ሲያስጠይቁት ከርመዋል። ያ ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ነው፤ እስካሁን ሲምል በቲቸር ዘይነባ ነው የሚምለው።

ደግሞ ያስቁ ነበር። አንድ ዓመት የእኛ ሁዳዴና የእሳቸው ረመዳን ገጠመ። ገቡና መጽሐፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው «ዛሬ ሁላችንም ርቦናል፤ ስለዚህ ማንም ለማንም አይዘን» አሉ። ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ጮኹብን። እኛም በራብ አንጀታችን ስንስቅ ዋልን።

ነገሩ የተጀመረው አሥረኛ ክፍል ሳለን፣ ስለ አሳሾች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። የዓባይን ምንጭ በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ነጭ አለ፤ መጽሐፉ ውስጥ ሥዕሉ ሳይቀር ነበረ። ቲቸር የቤት ሥራ ሰጡን። ይህ ሰው በሕይወት በነበረበት ዘመን በዓለም ላይ ምን ምን ተደረገ፣ ፈልጋችሁ ጽፋችሁ አምጡ አሉን።

ሁላችንም አመጣን። ሁላችንም ያመጣነው አንድ ነው። ከስልክ ላይ ከአንድ ገጽ የገለበጥነው ነበርና ከነስሕተቱ ቃል በቃል ይገጥማል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ «ተጨማሪ ለማንበብ እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ሳይቀር በእስክሪብቶ ገልብጦታል። ቲቸር አንዱን ወረቀት አነሡና እዚያች ቦታ ላይ በጣታቸው ጫን አደረጉ። ጠበቁ። ደግመው ጫኑ። «አልከፍት አለኝ» አሉ ልጁን እያዩ። ሳቃችን ገና ሳያልቅ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተወረወረ።

እኔ ነጩን ሊሰድቡት ነው ብዬ ነበር፤ ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ምንጩን እኛው እናውቀው አልነበረም ወይ» ብሎ ፎክሮ ይወጣል። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፤ «ሰውዬው ሥራውን ሠርቷል። አገር አቋርጦ መጣ፣ ያየውን ጻፈ። እሱን መስደብ ቀላል ነው። እሱ በዚህ አገር ሲያልፍ የናንተ ሰው የት ቆሞ ነበር? እሱን አምጡልኝ።»

ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሂሳቡን ከእኛ ጋር ሠሩ። በእኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠርን የማያውቅ የለም፤ ሁለት ወጣቶች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን እስከ ሰባተኛው አያት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ ያረጋግጣሉ። ቲቸር ይህንን ነው የያዙት። ከአባታችን ጀምረን ሰባት ቤት ወደ ኋላ ብንቆጥር ሰባተኛው ሰው ያን ነጭ በዓይኑ ሊያየው የሚችል ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ አሳሹ ለእኔ መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ነበር፤ ያን ቀን ግን የቤታችን ሰው መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሊሆን እንደሚችል ገባኝ።

በማግስቱ የናይለን ገመድ ገዝተው መጡና ከመስኮት እስከ መስኮት ዘረጉት። አንዱ ጫፍ አሳሹ የተወለደበት ነው፤ ሌላው ጫፍ የሞተበት። ከገመዱ በላይ ግድግዳው ላይ ዓለም ይለጠፋል፤ ከገመዱ በታች የእኛ ሰው በልብስ መቆንጠጫ ይንጠለጠላል። ከዓለም አንድ ያመጣ ልጅ ከቤቱም አንድ ሳያመጣ መለጠፍ አይፈቀድለትም። ትእዛዙ ይኸው ነበር።

እኔ ቅዳሜ ደብረ ወርቅ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ የማድረው ቢቸና አጎቴ ደሳለኝ ቤት ነው፤ አጎቴን ብጠይቀው አምስተኛው ላይ ሲደርስ ተደናቀፈና «አባባን ጠይቂ» ብሎ ገላገለኝ። አባባ መርሻ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ነገር የማይጠፋቸው ሽማግሌ ናቸው። በጣታቸው እያጠፉ ቆጠሩልኝ። ስድስተኛው ገብረ ሚካኤል ነው አሉ። ሰባተኛው ዓሊ። ዓሊ ባለበቅሎው። የሞጣ ሰው ነበር፤ በበቅሎ ጨው እየጫነ ይነግዳል፤ ታናሽ ልጁ ደብረ ወርቅ አግብቶ ክርስትና ተነሣና ገብረ ሚካኤል ተባለ። ይህን ሁሉ የተናገሩት የነገን ቀን እንደሚነግር ሰው ረጋ ብለው ነው። እኔ ደንግጬ፣ እስላም ነበር ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ታዲያ ዓሊ ምን ሊሆን ኖሯል? ጻፊው እንጂ» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ወረቀቴን ይዤ ስገባ ሐያትም የሷን ይዛለች። ሐያት የጋሽ ሰይድ ልጅ ናት፤ አባቷ ቢቸና ጨርቅ ይነግዳሉ፣ ዘመዶቿ ግን ሞጣ ናቸው። እሷም ሞጣ ወርዳ አያቷን አስቆጥራለች። ቲቸር የሷን አነበቡ። የኔን አነበቡ። ተመልሰው የሷን አነበቡ። ከዚያ ተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የሐያት ሰባተኛም ዓሊ ባለበቅሎው ነው፤ የሞጣ ጨው ነጋዴ፣ ሁለት ልጆች የነበሩት፣ ትልቁ እዚያው የቀረ፣ ታናሹ ደብረ ወርቅ ገብቶ የቀረ።

ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ደርበው በአንድ መቆንጠጫ ሰቀሏቸው። ከበላያቸው የፈረንሳይ አብዮት ነበር። እኔና ሐያት በዚያ ሳምንት ከመተያየት አልፈን መቀራረብ ጀመርን፤ አፍንጫችን ይመሳሰላል አይመሳሰልም ብለን በክፍሉ የመስኮት መስተዋት ፊት ስንጋፋ እንውላለን። ሌላውም ልጅ የየራሱን ሰው አምጥቷል። የአንዱ ሸማኔ ነበር፣ የአንዷ የቅኔ መምህር፣ የአንዱ ደግሞ የሰው ቀፎ ሰርቆ የታሰረ፤ ልጁ ሌባ አያቱን ከአሜሪካ ነጻነት ሥር በኩራት ሰቅሏቸዋል።

አንድ ጉድ ግን ነበር። ከስልክ የቀዱት ልጆች ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈዋል፤ ከአማርኛ መጽሐፍና ከአባቶች የጠየቁት በእኛ አቆጣጠር። ሁሉንም ባንድ ገመድ ላይ በቁጥር ቅደም ተከተል ስንሰቅለው አሳሹ ገና ከግብፅ ሳይነሣ ጎጃም ደርሶ ቁጭ አለ። ቲቸር ሲያዩት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዳናስተካክለው ከለከሉን። የወላጆች ቀን ደርሶ ስለነበር፣ ወላጆች ባሉበት እኛው ስሕተቱን ፈልገን እንድናገኝና እንድናስተካክል ፈለጉ። ይህን ስሕተት በዓለም ላይ ከእኛ በቀር የሚሳሳተው የለም፤ ስለዚህ ደብቀን ሳይሆን አሳይተን ነው የምናርመው አሉን።

ከወላጆች ቀን በፊት የወላጅ ኮሚቴ ክፍሎቹን ሊያይ መጣ። አጎቴ የኮሚቴ አባል ነው። ከገመዱ ሥር እየተራመደ፣ እየሣቀ፣ ጎበዝ ጎበዝ እያለ መጣና የኔ ስም ያለበት ወረቀት ዘንድ ቆመ። የአያቶቹን ስም ካሴ፣ እንግዳ እያለ ወረደ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

አጎቴን ልግለጸው። በየድግሱ «እኛ እኮ የደብር ዘር ነን» እያለ የሚያወራ ሰው ነው። ከጋሽ ሰይድ ሱቅ በየበዓሉ በዱቤ ልብስ ይወስዳል፣ ከእሳቸው ጋር ይስቃል፣ ሲታመም እሳቸው ናቸው ቀድመው የሚጠይቁት። የእሳቸው ዘመድ መሆን ግን ውርደት ሆነበት። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ቤተሰቤ ተዋረደ፣ ይህች ሴት ልጆቻችንን ልታሰልም ነው ብሎ ጮኸ። ኮሪደር ላይ ሆነን ሰማነው። የሚገርመኝ ነገር፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባባ መርሻ ያላፈሩበትን ስም ዲግሪ ያለው ልጃቸው አፈረበት።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ፤ እኔ ግን ምን ልበለው? ወደ ክፍላችን መጣና ሁለቱ ወረቀቶች ብቻ ይውረዱ አለ። ጊዜው ጥሩ እንዳልሆነ፣ ሰው በሃይማኖት ነገር ቶሎ እንደሚቀጣጠል እየለመነ አስረዳ። ቲቸር ጊዜው ጥሩ ካልሆነማ ይበልጥ መሰቀል አለበት አሉ። አላወርድም አሉ። እሱ ራሱ እንዳያወርድም መቆንጠጫውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ሰውዬው መቀስ አስመጣና ገመዱን ቆረጠ። የክፍሉ ሁሉ ሰው፣ ሸማኔውም የቅኔ መምህሩም ቀፎ ሌባውም፣ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከሰዓት በኋላ ጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉንም ጠርገው አቃጠሉት። እኔና ሐያት ቆመን ጭሱን አየን።

ቀጥሎ የሆነው ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ዋናውን ምክንያት መጻፍ ፈሩ፤ «ዓሊ የሚባል ሰው ስለተሰቀለ» ብለው ይጻፉ እንዴ? ስለዚህ ክሱ «ለተማሪዎች በስሕተት የተሞላ ትምህርት መስጠት» ሆነ። ማስረጃው ምን ይሁን? አሳሹ ከግብፅ ሳይነሣ ጎጃም መድረሱ! ቲቸር የአቆጣጠሩን ነገር፣ ሆን ብለው ለማስተማሪያ እንዳስቀሩት ቢያስረዱ የሚሰማቸው አልተገኘም። እኛ ለመመስከር ብንሄድ ልጆች ናችሁ ተብለን ከበር ተመለስን።

በመጨረሻ አንድ መውጫ ሰጧቸው። ሁለቱ ወረቀቶች ስሕተት ነበሩ ብለው ከፈረሙ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ ካልፈረሙ አያስተምሩም። ያኔ ለሐያትና ለእኔ የነገሩን ይህን ነው። «ዓሊ ሁለት ልጆች ወልዷል። እኔ ፈርሜ አንዱን ልግደልበት?» አሉን። አልፈረሙም። ግምጃ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ጠመኔ አልያዙም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ድረስ በእረፍት ሰዓት እዚያ ጨለማ ክፍል እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። እንዴት ነሽ አይሉኝም፤ «ቁጠሪ» ነው የሚሉኝ። ከአባቴ ጀምሬ እስከ ዓሊ እቆጥራለሁ። አንዱን ከዘለልኩ እንደገና ያስጀምሩኛል። የተከመረው ወንበር መሀል ቆሜ አያቶቼን ስዘረዝር፣ እሳቸው አቧራ እየጠረጉ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን፣ ምን ይሠራልዎታል፣ ለምን ፈርመው ክፍልዎ አይገቡም፣ ልጆቹ እኮ ያለ አስተማሪ ቀሩ ብዬ አልቅሼባቸዋለሁ። ሻሻቸው ተወረወረ። «ልጆቹ ፊት ቆሜ ስም አምጡ የምለው በየትኛው አፌ ነው ታዲያ?» አሉኝ። ደግሜ አላነሣሁትም። በኋላ ታመው ሞጣ እናታቸው ቤት ተመለሱ፤ እኔም እዚያው ሥራ አግኝቼ መድኃኒታቸውን እወስድላቸው ነበር። አልጋ ላይ ሆነውም ያስቆጥሩኝ ነበር።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። ቲቸር በተቀበሩ ማግስት አጎቴ ደወለ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጁ ልታገባ ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ለነገሩ የሚጠነቀቁ፣ የድሮ ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ሰባት ቤት ይቆጠር ብለዋል። አጎቴ አምስተኛው ላይ ቆመ። አባባ መርሻ ካረፉ ቆይተዋል፤ ከዘመድም የሚያውቅ አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ እስከ ሰባት ካልሰማን ቀን አንቆርጥም ብለዋል። «አንቺ ያኔ ከአባባ ጽፈሽ አልነበር? ንገሪኝማ» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ዋዛ ነው።

ያኔ የጻፍኩት አመድ ሆኗል አልኩት፤ ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ። ስሞቹ እኔ ዘንድ ያሉት አንዲት ሴት ግምጃ ቤት ውስጥ እየደጋገመች ስላስቆጠረችኝ ነው፣ እሷንም ትናንት ቀብረናታል አልኩት። ዘመድ እኮ ነኝ፣ ልጄ ልትቀር ነው ማለት ጀመረ። እኔም እንዲህ አልኩት፤ «መጀመሪያ ሞጣ መጥተህ ለቅሶ ድረስ። እዚያ እቆጥርልሃለሁ። በስልክ አልቆጥርም።»

መጣ። ልጁ ናትና መጣ። ሽማግሌዎቹን የወከለ አንድ ሰውም አብሮት መጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ገብቶ ጥግ ላይ ቆመ፤ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም። ጋሽ ሰይድ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አዩት፣ ሰላምታ ሰጡት። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሀል ተነሥቼ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆምኩ። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግድ አልሰጠኝም። ለአጎቴ ልጅ ሰባት ቤት እንድቆጥር ተጠይቄያለሁና ቲቸር እንዳስተማሩኝ እቆጥራለሁ ብዬ ጀመርኩ። ደሳለኝ፣ መርሻ፣ ካሴ፣ እንግዳ፣ ቢረሳው፣ ገብረ ሚካኤል።

እዚያ ላይ አቆምኩና አጎቴን አየሁት። ሰባተኛውን እሱ ራሱ እንዲለው ጠበቅሁ። ድንኳኑ በሙሉ አብሮኝ ጠበቀ። አንገቱን ደፋ። አብሮት የመጣው ሽማግሌ «ሰባተኛውስ?» አለው።

«ዓሊ» አለ አጎቴ። «ዓሊ ባለበቅሎው። የሞጣ ሰው።»

ሽማግሌው ዝምድና የለም፣ በቃ ይጋባሉ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ለእሱ ነገሩ ያ ብቻ ነበር። ጋሽ ሰይድ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። አጎቴ ጫማውን አውልቆ ከለቅሶኛው ዘመዶች ጋር ተቀመጠ። ሰዉ አለቀሰ፤ ሐያትም ክንዴን ይዛ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ያን አንድ ስም ለማለት አጎቴ የፈጀበት ጊዜ ትንፋሽ ያህል ነው። ቲቸር ዘይነባ በሕይወት ሳሉ ቢለው ኖሮ፣ ዛሬም ቢቸና ክፍላቸው ውስጥ ቆመው አንዱ ሰነፍ ላይ ይጮኹ ነበር።